ያልሠራሁት መረገጫ

በያጁ ጓደኛዬ «ሬዲዮ» ይለኛል፤ ድንጋዩ የማያልቅ ሬዲዮ። ሰባተኛ ክፍልን ሁለት ጊዜ ተምሬ ሁለቱንም ጊዜ የወደቅሁት በእኔ ጥፋት አይደለም። አንድ አሣ ጀልባችንን ከነአባቴ ከነእኔ እየጎተተ ሐይቁን ሦስት ጊዜ ሲያዞረን ፈተናው አመለጠኝ። ይህንኑ ለመምህሩ ነገርኩት። አሣው በመጨረሻ ደክሞት ከአጠገባችን ወጥቶ እንደተቀመጠም ነገርኩት። አላመነኝም። አብሮኝ ነበር የተባለው አባቴም አላመነኝም።

አባቴ በሕይወቱ ያመነኝ አንድ ቀን ብቻ ነው።

ጀልባችን የምትጓዘው ባለሁለት ጎማ ተጎታች ላይ ነው። ውስጧ ለመግባት የጎማውን የጭቃ መከላከያ፣ ፓራፋንጎውን፣ ረግጦ፣ ጠርዟን ይዞ፣ እንደምንም መገልበጥ ነው። አባቴ ጉልበቱ ሲደክም አንድ የለስላሳ ሳጥን እየደፋ ይወጣባት ጀመር። በኋላ እሱም አልመች ሲለው፣ ተጎታቹ ላይ መረገጫና መያዣ ምሰሶ እንድገጥምለት ጠየቀኝ። እሺ አልኩ። ሳምንት ሆነ፣ ወር ሆነ። ተጎታቹ ያን ጊዜ በበያጁ ግቢ ነበር የሚቆመው። አንድ ቀን በስልክ ሲጠይቀኝ ካርታ ይዣለሁ፣ እጄ ጥሩ ነበር።

«ድሮ ጨረስኩት እኮ» አልኩት። «አራት መረገጫ፣ አንድ ምሰሶ። ፍየል ብትወጣበት መውረድ ትረሳለች።»

ሳቀ። በማግስቱ በያጁ ጀልባዋን ጎትቶ ሐይቁ ዳር ሲያደርስለት፣ አባቴ ሳጥኑን እቤት ትቶ ባዶ እጁን ሄደ። መረገጫ ሲያጣ እንደ ድሮው ፓራፋንጎውን ረገጠ፤ እርጥብ ነበር፣ አንሸራተተው። የቀኝ ዳሌው ተሰበረ።

እናቴ ሳጥኑን ምን አደረግኸው ስትለው ረሳሁት አላት። ለሐኪሙም ረሳሁት፣ ለእህቴም ረሳሁት። እኔ አልጋው አጠገብ ቆሜያለሁ። ያ ሁሉ ወሬ የሚወጣበት አፌ አንዲት ቃል አላወጣም። ከዚያ ወዲህ ጥርስ ሊነቀል በመርፌ እንደደነዘዘ ድድ ሆኛለሁ፤ ብትነክሰውም ያንተ አይመስልህም።

አባቴ ስምንት ወር ከአልጋ ወደ ወንበር፣ ከወንበር ወደ አልጋ። ደጅ አልወጣም። ጀልባዋ ግቢያችን መጥታ ሸራ ለብሳ ቆመች። ባለፈው ሳምንት የእህቴን ባል አስጠርቶ፣ ራሴን ችዬ የማልወጣባትን ጀልባ ግቢዬ ውስጥ አላይም፣ እሁድ መጥተህ ውሰዳት አለው። የእህቴ ባል ዋና እንኳ አይችልም። እሺ አለ፤ ምን ይበል።

ሐሙስ ዕለት አባቴን ሳያውቀው ለካሁት። የመታጠቢያ ቤቱ ደፍ አንድ ስንዝር ነው፤ በከዘራው ያልፈዋል። የወጥ ቤቱ ደፍ አንድ ስንዝር ከሁለት ጣት ነው፤ ሁልጊዜ እግሩ ይመታዋል። ስለዚህ ከመረገጫ መረገጫ አንድ ስንዝር፣ ከዚያ አያልፍም።

በያጁ ቱቦላሬ ብረት ቆርጦ በየደልኝ፤ መረገጫዎቹ ላይ ሻካራ ላሜራ አደረገበት። ምን ነክቶህ ነው ዝም ያልከው፣ ድንጋይህ አለቀ እንዴ አለኝ። የሳቅሁ ይመስለኛል። ቅዳሜ ጎማዎቹ ሥር ታኮ አስገባሁ። የተጎታቹን ብረት ላለመብሳት መረገጫውንም ምሰሶውንም እንደ ፈረስ ኮቴ በጎበጡ አራት ቡሎኖች አቀፍኩና ስምንቱን ዳዶ ከነሮንዴላው በአሥራ ሰባት ቁልፍ አጠበቅሁ። ምሰሶው ላይ፣ እጁ የሚያርፍበት ቦታ፣ የብስክሌት የውስጥ ጎማ ጠመጠምኩ። አሥር ጊዜ ወጣሁ፣ አሥር ጊዜ ወረድኩ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ ጠበቅሁት፣ አልመጣም።

እሁድ ጠዋት የእህቴ ባል መኪናውን ወደ ኋላ እየነዳ ግቢ ሲገባ፣ አባቴ መስኮቱ ሥር ተቀምጧል። መረገጫውን ገጥሜዋለሁ አልኩት። አየኝ። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

«ፍየሏስ?» አለኝ።

እናቴን ላካት። ሄዳ ነካችው፣ መጥታ አለ አለችው። በእርግጫ መትተሽዋል ወይ አላት። ሄዳ በነጠላ ጫማዋ መታችውና እያነከሰች ተመለሰች።

«ብረት ነው፣ አንተ ሰውዬ!»

የእሱ እናት ነሽ፣ ተነጋግራችሁ ይሆናል አላት። እህቴ በስልኳ ፎቶ አንስታ አመጣችለት፤ ዛሬ ፎቶ ማን ያምናል አለ። በያጁ መጥቶ ማለ፤ የሬዲዮ ጓደኛ ነህ ብሎ መለሰው። የቀረ ምስክር አልነበረንም። የእህቴ ባል የተጎታቹን አፍ ከመኪናው መንጠቆ ጋር ሊያገጣጥም ጎንበስ ብሏል። ይኼኔ አባቴ ከዘራውን አነሳ።

«ዛሬ እጅ ከፍንጅ ነው የምይዝህ» አለኝ።

ስምንት ወር ያልተሻገረውን የቤቱን በር ውሸቴን ለመያዝ ተሻገረው።

ተጎታቹ ጋ ደረሰ። ላሜራውን በመዳፉ ዳበሰው። ዳዶዎቹን አንድ በአንድ እየነካ ቆጠረ። ምሰሶውን ያዘና ነቀነቀው፤ ምሰሶው ሳይሆን እሱ ነው የተነቃነቀው።

«ምን ያህል ይሸከማል?»

ምላሴ ላይ ዝሆን መጣ፣ ከነግልገሉ። ዋጥኩት።

«አንተን» አልኩት።

ከዘራውን ለእናቴ ሰጣት። የእህቴ ባል ቀና ብሎ ሥራውን ተወ። አባቴ ደህናውን እግሩን አስቀደመ፣ ሌላውን አስከተለ፤ አንድ። እንደገና ደህናውን፣ እንደገና ሌላውን፤ ሁለት። ሦስተኛው ላይ ቆሞ ተነፈሰ። ደግፈው የሚል ዓይን ሁሉ እኔ ላይ ነበር፤ እጆቼን ኪሴ ውስጥ ከተትኩ። አራተኛው ላይ ዞሮ የጀልባዋ ጠርዝ ላይ ተቀመጠ፣ እግሮቹን በየተራ አሻገረ፣ የቀዘፋ ቦታው ላይ አረፈ። ጀልባዋ በደረቅ መሬት ትንሽ ተወዛወዘች።

የእህቴ ባል የተጎታቹን አፍ ከመኪናው መንጠቆ አርቆ ወደ ነበረበት መልሶ እጁን በሱሪው ጠረገ። እናቴ በቀሚሷ እጅጌ ዓይኗን እየጠረገች፣ ከእንግዲህ ሳጥን ረሳሁ ብሎ ነገር የለም፣ አንተ ዝንጉ አለችው።

«እሱ አልረሳውም» አልኩ። «መረገጫውን ሠርቻለሁ ብዬ ነበር። አልሠራሁም ነበር።»

እናቴ እኔን አየች፣ ከዚያ እሱን። አባቴ ከላይ ሆኖ የጀልባዋን ጠርዝ በጣቱ ይቧጥጥ ነበር።

«ያ ሦስተኛው ዳዶ ላልቷል» አለኝ ሳያየኝ። «አጥብቀው።»

ቁልፉን አንስቼ ተንበረከክሁ። ዳዶው አልላላም። ቢሆንም ቁልፉን አስገብቼ፣ እጄ እስኪያመኝ ገፋሁት።