የገና ታማሚ

ሰው በእናቱ ይምላል፤ ይሁን፣ የኖረ ነው። ደህና ቆማ የምትሄድ እናቱን በአፉ አልጋ ላይ አስተኝቶ የሰው ዕጣ የለመነ ግን ገብረየስ ነው። ለምን ቢሉ፣ ለገና ስጦታ! ጉድ እኮ ነው።

ነገሩ የጀመረው አምና ነው። ገብረየስ ሐዋሳ መናኸሪያ አካባቢ ፎቶ ኮፒ ቤት አለው፤ አንድ ማሽን፣ አንድ ኮምፒውተርና እግሩ በሽቦ የታሰረ ወንበር። የቤቱ በኩር ልጅ ስለሆነ አባቱ ሲሞት «እናትህን አደራ» የተባለው እሱ ነው። አምና በገና ታናሽ እህቱ ብሌን ከባሏ ጋር ከአዲስ አበባ መጣችና፣ ይርጋለም ብቻዋን ለምትኖረው እናታቸው ለብዙነሽ ትልቅ ቴሌቪዥን አወረደችላት። ጎረቤቱ እልል አለ። ገብረየስ በፌስታል ጫማ ይዞ ቆሞ ነበር። ጫማውም ጠበባት። «እግሬ አብጦ ነው እንጂ ጫማውስ ልኬ ነበር» ብላ ሸፋፈነችለት፤ የብሌን ባል ግን ሳቀ። ክፋት አልነበረበትም፣ የጠገበ ሰው ሳቅ ነው። ያቺ ሳቅ ግን ገብረየስ ሆድ ውስጥ ዓመት ሙሉ ከረመች።

ዘንድሮ ኅዳር ማለቂያ ላይ፣ እሑድ ቀን፣ እቁብተኛው እንደ ወትሮው በዳኛው በጋሽ ሱሌይማን የእህል መጋዘን ተሰብስቦ ዕጣ ሲወጣ፣ ለሙንተሃ ደረሳት። ሙንተሃ ልብስ ሰፊ ናት፤ ሱቋ ከገብረየስ ሱቅ ፊት ለፊት ነው። መቶ ሰማንያ ሺህ ብር! አጨበጨቡላት፣ እሷም አለቀሰች። ለምን እንዳለቀሰች ሁሉም ያውቃል። አከራይዋ «እስከ ታኅሣሥ ሠላሳ የዓመቱን ኪራይ በአንዴ ካላመጣሽ ቁልፌን አስረክቢኝ» ብሏታል። ሰውዬው ደግሞ ቃሉን ለክፉ ሲሆን የሚያጥፍ አይደለም።

በዚህ መሀል ገብረየስ ተነሣ። በእቁብ ደንብ የጨነቀው ሰው ቆሞ ችግሩን ይናገራል፤ ባለዕጣው ከፈለገ ይለቅለታል፣ የተለቀቀለት ሰው ዕጣ ሲወጣ ደግሞ የለቀቀው ይወስዳል። አስገዳጅ የለም። ሰውም ቀልዶ አይነሣም።

«እናቴ…» አለ። «የሐሞት ጠጠር ነው አሉ። ገና ሳይደርስ ኦፕራሲዮን ካልሆነች አትተርፍም።» ላልቅስ ብሎ አልነበረም፣ እንባው ግን መጣ። ለውሸት እንባ መቼ ይጠፋል!

ሙንተሃ የሻሿን ጫፍ እየጠቀለለች ቆየች። የእሷ እናት ከሞተች ሁለት ዓመት አልሞላትም፤ ለሕክምና ብር እየተለመነላት ነው የሞተችው።

«ልጄ፣ አስቢበት» አሏት ጋሽ ሱሌይማን። «የቤቱን ሰውዬ ታውቂዋለሽ።»

«አሰብኩበት፣ ጋሼ» አለች። «ሱቅ ይፈለጋል። እናት ግን ከየት ትመጣለች? ይውሰድ።»

ገብረየስ እጇን ሊስም ጎንበስ ሲል «ተው ወንድሜ፣ ነውር ነው» ብላ ሸሸችው።

ማታውን እንቅልፍ እንቢ አለው። ቢሆንም ሰው ራሱን ማታለል ካማረው መላ አያጣም። የእኔ ዕጣ በሚቀጥለው እሑድ ቢወጣስ? ያኔ ለሷ ይሆናል፣ ማንም አይጎዳም፣ አለ። በሚቀጥለው እሑድ አልወጣም። ከዚያ በሚቀጥለውም አልወጣም። እሱ ግን ገበያውን ጀምሯል።

ለእናቱ በእጅ የተጠለፈ የሀበሻ ቀሚስ ከነነጠላው፣ እንደ በግ ጠጉር የሚሞቅ ብርድ ልብስ፣ የወርቅ ጉትቻ። ለብሌን ባል ኮት፤ እሱን ሲገዛ ዋጋም አልተከራከረ፣ እንደውም በጣም ውድ የሆነውን አሳዩኝ ነው ያለው። ለብሌን ቦርሳ፣ ለልጆቿ ሁለት ብስክሌት፣ ለሚስቱ ለሊዲያ ስልክ። ሙክቱ ደግሞ ጥጃ ነው የሚያክለው። ሊዲያ «ብሩ ከየት ነው?» ስትለው «ዕጣ ደረሰኝ» አላት። ማሽኑን ሊያሳድስበት ያሰበውን የራሱንም ጥሪት ጨመረበት። እጁ አንዴ ከተፈታ ሰብሳቢ አጣ።

ሙንተሃ ጠዋት ጠዋት ከመንገዱ ማዶ ትጠይቀዋለች፦ «እማማ እንዴት ናቸው?»

«ኦፕራሲዮኑ ተሳካ።»

«አልሐምዱሊላህ! እኔ እኮ እንቅልፍ አጥቼ ነበር።»

አከራይዋ ቀን እንዲጨምርላት ለምናው እንቢ እንዳላት ከሰው ሰማ። ያን ቀን ሱቁን በጊዜ ዘጋ። አፍሮ ነው። ግን ወደ ቤቱ ሲሄድ መንገድ ላይ ለሙክቱ ገመድ ገዛ።

ብሌን ከነባሏ ከአዲስ አበባ ገብታለች፤ እናቱም የገና ዋዜማ ከይርጋለም መጣች። አርባ ሦስቱን ቀን ጾማለች፣ ሌሊቱን ቤተ ክርስቲያን አድራ ቆርባለች። የቆረበ ሰው በዕለቱ ምራቁን እንኳ አይተፋም፣ ክፉ ቃል ካፉ አያወጣም። እሷም አፏን በነጠላዋ ሸፍና፣ ፊቷ በርቶ፣ በበዓሉ ጠዋት ቀስ እያለች ገባች። ገብረየስ ስጦታውን አንድ በአንድ ሲያወጣ «ኧረ ልጄ! ኧረ ምን ሆነሃል? ይኼ ሁሉ ለኔ?» ትላለች። ደስ ብሏታል፤ እናት ናት፣ ለምን አይላትም? ጉትቻውን ራሱ አደረገላት። ብሌን እልል አለች። ባሏ ኮቱን ለበሰና ትከሻውን ገርመም አድርጎ «ገብሬ፣ ዘንድሮስ አሸነፍከን!» አለ። አልሳቀም። ገብረየስ ዓመት ሙሉ የጠበቃት ቃል ይቺ ነበረች። የቆየችለት ግን ዶሮው እስኪቀርብ ብቻ ነው።

በሩ ተንኳኳ። ሊዲያ ወጥታ ከፈተች፣ ከግቢ የጋሽ ሱሌይማን ድምፅ መጣ። «እንኳን አደረሳችሁ! እማማ እዚህ መሆናቸውን ሰማንና ልንጠይቃቸው ነው። ከኦፕራሲዮኑ በኋላ እንዴት ሆኑ?»

ሐዋሳ ላይ ሰው ታሟል ሲባል የእቁብ ሰው ሳይጠይቅ እንደማይቀር ይኼ ሰው እንዴት ረሳው? ወርቁን አሰበ፣ ኮቱን አሰበ፣ ይቺን ግን አላሰባትም።

እናቱ እንጀራ የያዘ እጇን ሳታነሣ አየችው። የልጇን ፊት ለማንበብ ፊደል መቁጠር አላስፈለጋትም። ተነሣች፣ እጇን በነጠላዋ ጠረገች፣ መኝታ ቤት ገብታ አዲሱን ብርድ ልብስ እስከ አገጯ ድረስ ሳበች። ጉትቻው እንዳይታይ ሻሿን ጆሮዋ ላይ አወረደች።

እንግዶቹ አምስት ነበሩ። ብርቱካን፣ ሙዝና ጁስ ይዘዋል። የቤቱን ድግስ እያዩ እንዳላዩ ሆነው አለፉ፤ በዓል ነው ብለው ነው። «አላህ ያሽርዎት» አሉ ጋሽ ሱሌይማን። ሙንተሃ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ከፌስታል ውስጥ ሰፊ የሌሊት ልብስ አወጣች።

«ፊቱን ክፍት አድርጌ ነው የሰፋሁት፣ እማማ። ቁስሉን እንዳይነካዎት። ከዚያ ሱቅ የወጣ የመጨረሻ ልብስ ነው።»

«ለምን የመጨረሻ፣ ልጄ?»

«ነገ ቁልፍ አስረክባለሁ። ዕጣዬን ለርስዎ ሕክምና ስለለቀቅኩ ኪራዩን አልቻልኩም። ምንም አይደል፣ አይዘኑብኝ። የኔን እናት ማትረፍ አልቻልኩም፤ እርስዎን ድነው ሳይ የሷን ያህል ነው የቆጠርኩት። ቁስሉ የቱ ጋ ነው?»

ብዙነሽ እጇን ከብርድ ልብሱ አወጣችና ደረቷ ላይ አሳረፈችው። «እዚህ» አለች። «እዚህ ነው፣ ልጄ። እግዜር ይስጥሽ፣ ድኛለሁ።»

እንግዶቹ ወጡ። የብሌን ባል ኮቱን አውልቆ ወንበር ላይ አንጠለጠለው። ሊዲያ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ወደ ጓዳ ገባች፤ ከዚያ አልወጣችም።

«ገብረየስ» አለች እናቱ ከአልጋው ሳትነሣ። «ዛሬ ቆርቤያለሁ። ምራቄን እንኳ ፈርቼ የዋልኩ ሴትዮ ነኝ። በዚሁ አፌ አስዋሸኸኝ።»

«ማን ዋሺ አለሽ?» ብሎ ጮኸ። ያሳፈሩት ሰው እንደዚህ ነው፣ የሚነክሰው የቅርቡን ነው። «እውነቱን አትነግሪያትም ነበር?»

«ልጅ ባይኖረኝ እነግራት ነበር።» ጉትቻውን ፈትታ መዳፉ ላይ አደረገችለት። «ይኼን ውሰድና ንገራት። የሚሸጠውን ሸጠህ ብሯን መልስላት። እግሯ ላይ ውደቅ። እኔ ነኝ የምልህ።»

«እሺ። በዓሉ ይለፍ።»

«ነገ ነው ቁልፉን የምታስረክበው» አለችው።

በማግስቱ ጠዋት እናቱ ወደ ይርጋለም ልትሄድ ሁለቱ በባጃጅ መናኸሪያ ደረሱ። ብዙነሽ አሮጌ ቀሚሷን ለብሳለች። ከዚያ ሁሉ ስጦታ በፌስታል የያዘችው ያንን የሌሊት ልብስ ብቻ ነው። ባጃጁ የቆመው ከሙንተሃ ሱቅ ፊት ለፊት ነው። ሱቁ ተከፍቶ ባዶ ሆኗል፤ የስፌት መኪናዋ ጋሪ ላይ ተጭኖ በገመድ እየታሰረ ነበር። ገመዱን የምታስረው ራሷ ናት።

ስታያቸው ገመዱን ጣለችና ሮጠች። «እማማ! በዚህ ቁስል ይጓዛሉ እንዴ? ቀስ ይበሉ፣ ይያዙኝ።» ብዙነሽን በብብቷ ገብታ ደግፋ አወረደቻት። ብዙነሽም ተደገፈች፤ አጎንብሳ፣ እግሯን እየጎተተች፣ እንደ ታማሚ ሄደች። ሦስት ጊዜ ዞራ ልጇን አየችው። ንገራት ማለቷ ነው።

ጉትቻው ኪሱ ውስጥ ነው፤ በጣቶቹ ጨብጦታል። አሁን ቢያወጣው ከየት መጣ ትለዋለች። ቢነግራት ማታውን ጋሽ ሱሌይማን ይሰማሉ፣ ነገ መንገዱ በሙሉ ይሰማል፣ ከነገ ወዲያ ሱቁ ደጃፍ ላይ ሰው ይተፋል። አፉን ከፈተ።

«ሙንተሃ…»

«ምንም እንዳትለኝ» አለችው። «የባጃጁንም ከፍያለሁ። አንተ ለሳቸው መድኃኒት ብዙ አውጥተሃል።»

«እግዜር ይስጥልኝ» አለ ገብረየስ።

ሙንተሃ ወደ ጋሪዋ ተመለሰች። እናቱ ሚኒባሱ ውስጥ መስኮት ጋ ተቀመጠችና፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ አንድ ነገር ብቻ አለችው፦

«እንግዲህ ሐዋሳ በመጣሁ ቁጥር ታምሜ ነው የምመጣው። ድኜ ከመጣሁማ ሙንተሃ ጠባሳው የታለ ትለኛለች፤ ያኔ አንተን እገድላለሁ።»

ረዳቱ «ይርጋለም! ይርጋለም!» ብሎ በሩን ዘጋ። ሙንተሃ ከጋሪው አጠገብ ሆና እጇን አውለበለበች። ብዙነሽም፣ ታማሚ ናትና፣ እጇን በግድ ቀና አደረገችላት።