የዋልያው ሁለተኛ ዓይን

አለቃ ያርጋል ከዳባት እስከ ደባርቅ ያሉትን አድባራት ግድግዳ በቅዱሳን ሲሞሉ የኖሩ ሠዓሊ ናቸው። ደርግ የቤተ ክርስቲያኑን መሬት ከወረሰ ወዲህ ግን የሚያሠራቸው ጠፋ፤ ቤት መዋል ደግሞ አይሆንላቸውም። ስለዚህ ደባርቅ ሳይንስ የምታስተምረው ዕፀገነት ስለ ስሜን እንስሳት ለምታዘጋጀው መጽሐፍ ዋልያ እንዲስሉላት ስትለምናቸው ደስታቸውን መደበቅ አቃታቸው። ከተሳካላቸው የቀሩትንም ይስላሉ፤ ካልሆነ ከጎንደር ሌላ ሰው ይመጣል።

በሳምንቱ ይዘው መጡ። ቀንዱም ጢሙም አምሯል። ችግሩ፣ ዋልያው በጎኑ ቆሞ ሁለት ዓይን አለው።

«አለቃ፣ ከጎን ሲታይ እኮ አንድ ዓይኑ ብቻ ነው የሚታየው» አለች ፈራ ተባ እያለች።

«በእኛ ሙያ አንድ ዓይን የሚሳልለት ሰይጣንና ይሁዳ ነው፤ ይህ ምስኪን ምን በደለ?»

ዕፀገነት አልተሟገተችም። ከሦስት መቶና ከአራት መቶ ዓመት በፊት የባሕር ማዶ ሊቃውንትም አውሬውን በወሬ እየሳሉ አውራሪሱን እንደ ጦረኛ የብረት ጥሩር ያለብሱት እንደነበር፣ ኋላ ግን ዓይን ያየውን ብቻ ለመሳልና ለመጻፍ እንደቆረጡ አጫወተቻቸው። አለቃ በሆዳቸው «ወሬኛ ሁላ» ብለው ሳይጨርሱ ክው አሉ። ለመሆኑ እሳቸው ለመጠጫ ዋንጫ ከተሠራው ቀንዱ በቀር ዋልያ መቼ አይተው ያውቃሉ? ስልሳ ዓመት ከተራራው ሥር ኖረው!

በማግስቱ በቅሎ ተውሰው ወጡ። ሁለት ቀን ጉም ብቻ አዩ። በሦስተኛው ጠዋት ጉሙ ተገለጠና ዋልያው፣ እግር መጣያ በሌለው ገደል ላይ፣ በገዛ ደጁ እንደቆመ ሰው ተዝናንቶ ቆሟል። አንድ ዓይኑ አለቃን ያያል። በዚያኛው ወገን፣ ከገደሉ በኩል፣ ትልቅ አሞራ ያለ ድምፅ መጣ። ዋልያው አንገቱን እንኳ ሳያዞር ፈቀቅ አለ፤ አሞራው ባዶውን አለፈ።

አለቃ እዚያው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። እንዲህ ያለውን ጥበብ ማን አስተማረው? ዕድሜ ልካቸውን ፍጥረትን ሲስሉ ኖረው የፈጣሪን ሥራ ገና ዛሬ ያዩ መሰላቸው፤ እንባቸውን በነጠላቸው ጠረጉና ወረቀታቸውን ዘረጉ።

ዕፀገነት አዲሱን ሥዕል ተቀበለች። አንድ ዓይን ነው ያለው። ከሥሩ በቁም ጽሕፈት ተጽፏል፦ «ሁለተኛው ዓይኑ በገደሉ በኩል ነው። እኔ አላየሁትም፤ እሱ ግን ያይበታል።»

ደግማ አነበበችው። ከዚያ የቀሩትን እንስሳት ዝርዝር ከመሳቢያዋ አውጥታ በሁለት እጇ ሰጠቻቸው።