ሰርቪሱ እንዴት እንዳለቀ

ኮምፒውተሬ ላይ ሠርቼ የጨረስኩት ዕቃ ከእውነተኛው አውቶቡስ ላይ ይጠፋል። መጀመሪያ የጠፋው የግራ ስፖኪዮ ነው። ማክሰኞ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ የመጨረሻዋን ብሎን ቦታዋ አስገባሁና ሥራውን አስቀመጥኩ። አራት ሰዓት ከአምስት ላይ ጋሽ ዘርጋው ደወሉ።

«የኤልዳና እናት፣ የግራውን ስፖኪዮ ለሥራሽ ፈልገሽ ፈትተሽ ወስደሽዋል?»

«ኧረ አልወሰድኩም ጋሼ።»

«ብሎኖቹም የሉም። የተፈታ አይመስልም። ጭራሽ ኖሮ የማያውቅ ነው የሚመስለው።»

ጋሽ ዘርጋው ልጄ ኤልዳና የምትማርበት ትምህርት ቤት ሾፌር ናቸው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ያንኑ አንድ አውቶቡስ ነድተዋል። እኛ ደሴ አውቶቡስ አንለውም፣ ሰርቪስ ነው የምንለው። ቢጫ ነው። ሃያ ስምንት ወንበር አለው። ቧንቧ ውሃ የሚባለውን ሰፈር ዳገት በሁለተኛ ማርሽ እያቃሰተ ይወጣል።

እኔ የሕንፃ ንድፍ ተምሬ አሥር ዓመት የሰው ቁም ሳጥን ስስል የኖርኩ ሰው ነኝ። አንድ የመኪና መንዳት ጨዋታ የሚሠራ የውጭ ኩባንያ፣ ለአዲሱ የተራራ መንገዱ የሚሆን የተማሪ አውቶቡስ የሚሠራለት ባለሙያ ሲፈልግ ሥራዬን አይቶ መረጠኝ። ደብዳቤ የሚጽፍልኝ ማርቲን የሚባል ሰው ነው። «ውድ ውብርስት» ብሎ ይጀምራል፣ «እውነተኛ ይሁን» ብሎ ይጨርሳል።

ሰርቪሱን ፎቶ ያነሣሁት አንድ ቅዳሜ ተማሪዎቹ ለማካካሻ ትምህርት በመጡበት ቀን ነው። ጋሽ ዘርጋው አጥበው ጠበቁኝ። ልጆቹ ስፖንጁን እየነጩ ሦስተኛው ወንበር ላይ የከፈቱትን ቀዳዳ ራሳቸው አሳዩኝና «ይኼንንም ሥሪው፤ ካልሠራሽው የኛ ሰርቪስ አይሆንም» አሉ። የጎማው ቁመት በሰው እንዲታወቅ ብዬ ኤልዳናን ከፊት ጎማው አጠገብ አቆምኳት። ኤልዳና ሰባት ዓመቷ ነው። ሌሎቹም ሲያዩዋት ተሯሩጠው መጥተው ተሰለፉ። ያልተነሣ ልጅ አልነበረም። ማርቲን ፎቶዎቹን ሁሉ ላኪልኝ ስላለ ሁሉንም ላክሁለት።

ስፖኪዮው በጠፋ በማግስቱ ጋሽ ዘርጋው ሰርቪሱን ደጃፌ አቁመው ገቡ። አጠገቤ ወንበር ስቤላቸው ተቀመጡ። የቀኙን ስፖኪዮ ስሠራ አንድ ሰዓት ተኩል አዩኝ። ሲያልቅ ተነሥተው ወጡና ተመለሱ።

«የለም» አሉ።

«አዝናለሁ ጋሼ።»

«እንግዲያው ተዪዋ።»

«ውል ፈርሜአለሁ።»

መፈረሜ እውነት ነው። ምክንያቱ ግን እሱ አልነበረም። ያ ስፖኪዮ በሕይወቴ ከሠራሁት ነገር ሁሉ የተሻለ ነበር። ጋሽ ዘርጋውም ወደ ኮምፒውተሩ ጎንበስ ብለው አዩት።

«አቧራውን እንኳ አልረሳሽም» አሉ። ቀና አሉ። «በይ እሺ። መሪውንና ፍሬኑን መጨረሻ አድርጊያቸው። ያለንበት አገር ዳገትና ቁልቁለት ነው።»

እንዳሉኝ አደረግሁ። በመጀመሪያው ሳምንት መብራቶቹ፣ ፍሬቻዎቹና ታርጋው ሄዱ። በሁለተኛው መስኮቶቹና የፊት መስታወቱ ሄዱ። ቦሎውን ከመስታወቱ ጋር ስላልሠራሁት እንዳለ ቀረ። ጋሽ ዘርጋው ፊት፣ ምንም የሚለጠፍበት ነገር በሌለበት፣ አየር ላይ ተለጥፎ ይሄዳል። በሦስተኛው ሳምንት ጣሪያውና ጎኑ ካለቀ በኋላ አንድ ትራፊክ ፖሊስ አስቆማቸው። በዙሪያቸው ሁለት ጊዜ ዞረ።

«ተሽከርካሪው የታለ?» አለ።

«ሥራ ላይ ነው» አሉ ጋሽ ዘርጋው።

ትራፊኩ ቦሎውን ቀረብ ብሎ አነበበ። ጊዜው አላለፈም። «ዘመኑ የታደሰ ነው፣ እለፍ» አለና ሸኛቸው።

ከዚያ ወንበሮቹን ሠራሁ፣ ከዚያ ወለሉን፣ ከዚያ ሞተሩንና ጎማዎቹን። የሦስተኛውን ወንበር ቀዳዳ ለመሥራት ብቻ ሁለት ቀን ፈጀብኝ። በአምስተኛው ሳምንት ሐሙስ ፍሬኑን፣ ዓርብ መሪውን ጨረስኩ። ሰኞ ጠዋት በር ላይ ቆሜ አየኋቸው። ልጆቹ ከመሬት አንድ ሜትር ከፍ ብለው፣ ሁለት ሁለት ሆነው፣ ጉልበታቸውን ገጥመው ተቀምጠው ዳገቱን ይወጣሉ። ጋሽ ዘርጋው ከፊታቸው ሁለት እጃቸውን ዘርግተው ባዶውን ይጠመዝዛሉ። ባዶውን ሲረግጡ ሁሉም ይቆማል። አንዲት ልጅ ትሳፈራለች። እንደገና ይሄዳሉ።

«ምኑን ይዛችሁ ነው የምትቀመጡት?» አልኳት ኤልዳናን ማታ ራት ላይ።

«ብረቱ የነበረበትን።»

«ትፈሪያለሽ?»

«አልፈራም። ይበርደኛል እንጂ። እማዬ፣ አሁን አልጨረስሽም?»

«ትንሽ ነው የቀረኝ» አልኳት።

ትምህርት ቤቱ የወላጆች ስብሰባ ጠራ። ርእሰ መምህሩ አቶ ሙሉሰው፣ ሰርቪሱ አንድም ቀን እንዳላረፈደ ገልጸው ሾፌሩን አመሰገኑ። ወይዘሮ ዘሀራ የሚባሉ ወላጅ ተነሡና «ልጄ ኢክራም ትናንት በዝናቡ ርሳ፣ ጥርሷ እየተንገጫገጨ ነው የገባችው» አሉ። ብዙ ተነጋገርን። እያንዳንዱ ልጅ ጃንጥላ እንዲይዝ ተወሰነ። ቃለ ጉባኤውን የያዝኩት እኔ ነበርኩ። ጃንጥላ የሚለውን አሰመርኩበት። ሌላ የተናገርኩት ነገር የለም።

በሳምንቱ የትምህርት ዘመኑ የንብረት ቆጠራ ደረሰና ለጋሽ ዘርጋው ደብዳቤ ተሰጣቸው። በእጃቸው የነበረውን አንድ ተሽከርካሪ ማስረከብ ስላልቻሉ ከሥራ ተሰናብተዋል ይላል። ደብዳቤውን አራት አጥፈው ይዘውልኝ መጡ።

«አስረክብ አሉኝ» አሉ። «ምኑን ላስረክባቸው?»

«ጥፋቱ የኔ ነው። ነገ ሄጄ እነግራቸዋለሁ።»

«ምን ብለሽ?»

መልሴን ሳይጠብቁ ቀጠሉ።

«ያ ሰውዬ አሁን ደግሞ ሾፌር ሥሪ ብሎሻል አሉ። ኤልዳና ነግራኛለች።»

«ብሏል። ከራሴ ፈጥሬ እሠራለሁ።»

«ለምን ትፈጥሪያለሽ? እኔን ሥሪኝ። ሰርቪሱ እዚያ ነው። እዚህ ቆሜ የማን መሳቂያ ልሁን?» ደብዳቤውን ኪሳቸው ከተቱ። «ልጆቹን ግን እንዳትነኪ።»

«አልነካም።»

«ማን ይሙት?»

«ኤልዳና ትሙት» አልኩ።

ሦስት ቀን መስኮቱ አጠገብ ተቀመጡልኝ። ሻይ አፈላላቸው ነበር። ስለ ዕረፍት፣ ስለ ወገባቸው፣ ለልጃቸው ስለላኩት በርበሬ አወሩኝ። ሹራባቸውን ክር በክር ሠራሁት። የግራ አውራ ጣታቸው ላይ ያለውን ጠባሳ ሠራሁ። የዓይናቸውን ቆብ ለመጨረሻ አቆይቼው ነበር። እሱን ጨርሼ ስዞር ወንበሩ ባዶ ነበር። ኪሳቸው ውስጥ የነበረውን መሃረብ አላየሁትም ነበርና አልሠራሁትም። ወንበሩ ላይ ቀርቷል፤ በሥርዓቱ ታጥፏል።

ከዚያ ቀን በኋላ ልጆቹ በእግራቸው ይሄዱ ጀመር። ማርቲን ጻፈ። «ውድ ውብርስት፣ ሾፌሩ ድንቅ ነው። ግን ተማሪ የሌለበት የተማሪ አውቶቡስ የሞተ ይመስላል። ልጆቹን ጨምሪ። እውነተኛ ይሁን።» ከራሴ የፈጠርኳቸውን አሥር ልጆች ላክሁለት። «እነዚህ ማንንም አይመስሉም» ብሎ መለሳቸው። እውነቱን ነው፤ ማንንም አይመስሉም ነበር። የሰው ልጅ አልሠራም ብዬ ጻፍኩለት። በዚያው ቀን ትሕትና የተሞላ መልስ መጣ።

«አትጨነቂ። ፎቷቸውን ልከሽልን ስለነበር ሥራውን በሌላ አገር ላለ ባለሙያ ሰጥተነዋል። ፈጣን ነው። በቀን ሁለት ይጨርሳል።»

በማግስቱ ኢክራምና አንድ የአራተኛ ክፍል ልጅ ቁርስ እየበሉ ጠፉ። ጻፍኩ። በአንድ ቀን አራት ጊዜ ጻፍኩ። የባለሙያውን ስም ጠየቅሁ፣ የሚኖርበትን አገር ጠየቅሁ፣ ለመንኩ። «ሐሳብሽን ለሚመለከተው ክፍል አስተላልፈናል» የሚል መልስ መጣ። እኔ ጋ ያሉትን ፎቶዎች አጠፋሁ። ያ ምንም አልለወጠም። በማግስቱ ሁለት ልጆች ጠፉ፣ በሠልስቱም ሁለት። ወይዘሮ ዘሀራን መንገድ ላይ አገኘኋቸው። ነገርኳቸው፤ ሁሉንም ነገርኳቸው። ጨርሰው ሰሙኝና «አንቺስ ያቺ ልጅሽ አለች?» አሉኝ። አለች አልኩ። ጉንጬን ስመውኝ ሄዱ።

ኤልዳናን ከቤት አላስወጣ አልኩ። ስንበላም ስንተኛም እጇን ይዣለሁ።

«እማዬ፣ እኔ ስንተኛ ነኝ?» አለችኝ በስምንተኛው ቀን።

«አላውቅም።»

«ጎማው አጠገብ ነበርኩ። ከኋላ ከጀመረ እቆያለሁ።» ፀጉሯን ከጆሮዋ ላይ ገፋች። «አንቺ ብትሠሪኝ ይሻል ነበር።»

«ለምን እንደዚያ ትያለሽ?»

«አንቺ ጆሮዬን ታውቂዋለሽ። ፎቶው ላይ በፀጉሬ ተሸፍኗል። ያ ሰውዬ የማንን ያደርግልኛል?»

ያን ቀን ኮምፒውተሬን ከፍቼ ፊቱ ተቀመጥኩ። ጆሮዋን ከማንም በላይ አውቀዋለሁ፤ ለመሥራት የሚፈጅብኝ አንድ ቀን ነው። እጄን ቁልፎቹ ላይ አድርጌ እስኪመሽ ቆየሁና ዘጋሁት። ትክክል ይሁን ስሕተት እስካሁን አላውቅም።

በዘጠነኛው ቀን ጠዋት ጉልበቶቼ መካከል አስቀምጬ ሹሩባ እየሠራሁላት ነበር። የቀኙን ጨርሼ ወደ ግራው ስዞር ጣቶቼ መሃል ፀጉር አልነበረም። ማበጠሪያው ምንጣፉ ላይ ወደቀ።

ጨዋታው ከሁለት ወር በኋላ ወጣ። ገዝቼ ከፈትኩት። ኤልዳና በቀኝ በኩል አራተኛው ረድፍ ላይ፣ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጣለች። ሹሩባዋ በሁለቱም በኩል ተጨርሷል። የግራውን ማን እንደሠራላት አላውቅም። ጆሮዋ የሷ አይደለም።

ሰዎች ሰርቪሱን ወደዱት። በየአገሩ ከተራራው ወደ ገደል እየለቀቁ ቆርቆሮው እንዴት እንደሚጨማደድ ማየት ነበር የፈለጉት። አልሆነላቸውም። አቤቱታ በዛና ማርቲን ጻፈልኝ። «አንድ ጉድለት ተገኝቷል። አውቶቡሱ ገደል አፍ ሲደርስ ነጂው ምንም ሳይነካ ፍሬኑ በራሱ ይረገጣል። እባክሽ አስተካክይ።»

ጉድለት አይደለም ብዬ መለስኩ። ሾፌሩ እውነተኛ ነው፣ ጠይቃችሁኝ የሠራሁት ነው አልኩ። ደጋግመው ጻፉ። አልነካሁትም። እኔ እንቢ ብዬ የጸናሁበት ነገር ይህ አንዱ ነው።

የትምህርት ቤቱ ግቢ አሁን ጸጥ ያለ ነው። አቶ ሙሉሰው ደወሉን በሰዓቱ ያስደውላሉ። ከመስከረም ጀምሮ ወላጆች ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ልጆቻቸው ይሳፈሩበት የነበረው ቦታ ላይ የምሳ ዕቃ ያስቀምጣሉ። የጀመሩት ወይዘሮ ዘሀራ ናቸው። ለምን ብሎ የጠየቃቸው የለም፤ በሁለተኛው ቀን አምስት ሆኑ፣ በሳምንቱ ሃያ ስምንት። ዕቃዎቹ አስፋልቱ ዳር ሁለት ሁለት ሆነው ይደረደራሉ። ማንም ቆሞ አይጠብቅም። ዘጠኝ ሰዓት ላይ መጥተን እናነሣለን። ክዳናቸው እንደተዘጋ ነው፤ ውስጣቸው ባዶ ነው።

የኤልዳና ብቻ እንዳለ ይመለሳል፤ እዚያ ያለችው የሰው ጆሮ ይዛ ስለሆነ ይሆን፣ አላውቅም። ፍርፍር ሞከርኩ፣ ድንች ሞከርኩ፣ የምትወደውን መኮሮኒ ሞከርኩ። ትናንትም ሌሎቹ ባዶ ዕቃቸውን አንጠልጥለው ዳገቱን ሲወጡ እኔ የሷን ጎንበስ ብዬ አነሣሁት። ከጠዋት ጀምሮ ብርድ ላይ ነበር። ይከብዳል። ክዳኑን ስነካው ይፋጃል፤ አሁን ከእሳት እንደወረደ።