በነጠላ ጫፍ የተቋጠሩት

ፀሐይ ገና መጥለቋ ነበር፤ ሳጅን አስናቀው ራት እስኪቀርብ ወንበሩን ተደግፎ እንደተቀመጠ ሐሳብ ጠፍንጎ ያዘው። በማግስቱ ችሎት ቀርቦ በየሺወርቅ ላይ መመስከር አለበት። የሺወርቅ መንገድ ዳር ጎመን የምትሸጥ ሴት ናት፤ ሳጅኑ ጎመኗን ሊያስነሣ በሄደ ዕለት እንዳይወስድባት እጅጌውን ያዘች፣ እሱም አዳልጦት በሰው ፊት ተዘረረ፣ ገበያተኛውም ሳቀበት። ያ ሳቅ ቢያንገበግበው «በቡጢ መትታ ጣለችኝ» ብሎ ቃሉን ሰጠ። ሴትዮዋም ፖሊስን በሥራው ላይ ደብድባለች ተብላ፣ ዋስትና ተከልክላ ከታሰረች ወር ሊሞላት ነው። ይህን ሲያብሰለስል እንቅልፍ ጣለው።

እነሆም በሕልሙ ካባ የደረበ ሽማግሌ መጥቶ ተከተለኝ አለውና ወደ አንዲት ሰፊ ከተማ አገባው። መንገዶቿ የተጠረጉ፣ ደጆቿ ያልተቆለፉ፣ የእስር ቤቷም ግቢ የሕፃናት መቦረቂያ የሆነ ነበር፤ ከሁሉ ይልቅ ያስደነቀው ግን ፖሊስና ነዋሪ ሁለት ሁለት እየሆኑ፣ በነጠላ ጫፍ ተቋጥረው መሄዳቸው ነው። አንዱ ፖሊስማ ከከሰሰው ሰው ጋር እንደተቋጠረ የዚያኑ ሰው በሽተኛ አባት እግር ያጥብ ነበር።

«አባቴ፣ እነዚህ ምን አጥፍተው ታሰሩ?»

«አልታሰሩም ልጄ። ከሳሽና ተከሳሽ ተቋጥረው የሚቆዩበት የጥንቱ ቁራኛ ነው። እዚህ አገር መታኝ ብሎ የከሰሰ ፖሊስ እስከ ችሎቱ ቀን የከሰሰውን ሰው ቤት ገብቶ ይኖራል፤ ያ ሰው የሚበላውን ይበላል።»

ሳጅኑ፣ ታዲያ በእውነት የተመታ ፖሊስስ ምን ይሆናል ብሎ ጠየቀ። ሽማግሌውም፣ የተመታው መመታቱን ተናግሮ ይካሳል፣ ያልተመታው ግን አብሮ ከበላ በኋላ አፉ እምቢ ይለዋል ብሎ መለሰለት።

ወዲያው በገዛ ወገቡ ላይ ነጠላ ተቋጥሮ አየ፤ በሌላው ጫፍ ግን ሰው አልነበረም። ነጠላውን እየተከተለ ከአንዲት ጠባብ ቤት ገባ። ከጎመኑ አጠገብ ፀሐይ ሲሞቁ ያያቸው የነበሩት ዓይነ ስውሯ የየሺወርቅ እናት፣ እማማ ብርቄ፣ አልጋቸው ላይ ተቀምጠው ወደ በሩ ዞሩ።

«የሺ፣ መጣሽ እንዴ?»

ቢናገር ልጃቸው እንዳልሆነ ያውቃሉ፤ ዝም ቢል መጠበቃቸውን አይተዉም። ዝም አለ። አሮጊቷ እጃቸውን ዘርግተው ቆዩ። ሳጅኑ ተንሰቅስቆ አለቀሰ።

በገዛ ልቅሶው ነቃ። ሚስቱ አበራሽ ራቱን ይዛ ቆማ ነበር። ያየውን አንድ በአንድ ነገራት፤ ነገ ዳኛው ፊት፣ አልመታችኝም፣ ዋሽቼ ነው እንደሚል፣ ያየውንም ለባልደረቦቹ ሁሉ እንደሚያወራ ነገራት። ማዕረጉ ሊገፈፍ፣ እሱም የሐሰት ቃል በመስጠት ሊከሰስ እንደሚችል ሁለቱም ያውቁታል። አበራሽ ትሪውን አስቀምጣ አጠገቡ ተቀመጠች።

«እማማ ብርቄን ሐሙስ ቀበርናቸው» አለችው። «ምስክርነትህ እስኪያልፍ ብዬ ነው ያልነገርኩህ።»

ሳጅኑ ከወንበሩ ተነሣ።

«የሺ ሰምታለች?»

«እስር ቤት ገብቶ መርዶ የሚነግራት ማን አለ?»

«እንግዲያው ከሁሉ በፊት ለእሷ ነው የምናገረው» አላት። «መርዶዋን እኔ እነግራታለሁ።»