ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ

ፓነሉ ዛሬም ቀይ ነው። ማናለብሽ ካፖርቷን ሳታወልቅ ስክሪኑ ፊት ተቀምጣ፣ በሊኑክሱ ሰርቨር አንጻር የበራውን አረንጓዴ ምልክትና በዊንዶውሱ አንጻር የበራውን ቀይ ምልክት እያፈራረቀች ታያለች። ውጭ ጉሙ መስኮቱ ድረስ ወርዷል፤ ባጃጆቹ በጠዋት መብራት አብርተው ነው የሚሄዱት። በሚያዝያ እንዲህ ይበርዳል ወይ የሚል ሰው ካለ እንጅባራን አያውቃትም ማለት ነው።

መሥሪያ ቤቱ ሰርቨር የሚባሉ፣ ሥራው ሁሉ የሚቀመጥባቸው ሁለት ኮምፒውተሮች አሉት። በሊኑክስ የሚሠራው የየጽሕፈት ቤቱ ዌብሳይት የሚቀመጥበት ነው፤ እሱን የምትጠብቀው ማናለብሽ ናት። በዊንዶውስ የሚሠራው ደግሞ ገበሬዎች ለምርጥ የድንች ዘር የሚመዘገቡበት ፕሮግራም ያለበት ነው፤ እሱ የጋሽ እንየው ነው። የጋሽ እንየው ነው ስንል በንብረት መዝገብ አይደለም። ፕሮግራሙን ከመጀመሪያው መስመር እስከ መጨረሻው የጻፉት እሳቸው ናቸው፤ ማሽኑ በሞቀ ጊዜም ማራገቢያ ከቤታቸው ተሸክመው መጥተው የደቀኑለት እሳቸው ናቸው።

ዘንድሮ የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ አቶ ስማቸው አንድ ሐሳብ መጣላቸው። ሁለቱም ሰርቨሮች በአንድ ኮንትሮል ፓነል ይመሩ አሉ፤ ዌብሳይት መክፈቱ፣ ፓስወርድ መቀየሩ፣ መጠባበቂያ ቅጂ መያዙ ሁሉ ከአንድ ስክሪን ላይ ይሁን። ሐሳቡ ደግ ነው። እጩ የሆኑት ፓነሎች ሁለት ነበሩ። አንደኛው ነፃ ነው፣ ሰው ሁሉ ያወድሰዋል፣ ግን ሊኑክስን እንጂ ዊንዶውስን አያውቅም። ሁለተኛው ሁለቱንም እችላለሁ ባይ ነው።

አቶ ስማቸው ልባቸው ያደላው ለነፃው ነው። እሱ ከተመረጠ ዊንዶውሱ ማሽን ይጠፋል፣ ምዝገባው ወደ ወረቀት ይመለሳል፣ ጋሽ እንየው ደግሞ ጡረታቸው ሳይደርስ ዕቃ ግምጃ ቤት ይመደባሉ። ይህ ሐሜት አይደለም። አቶ ስማቸው ጋሽ እንየው ተቀምጠው እየሰሙ በስብሰባ መካከል፣ "እንግዲህ ማሽኑ ከሌለ የማሽኑ ባለሙያ ምን ይሠራል?" ብለው የተናገሩት ነው። ጋሽ እንየው አንገታቸውን ደፍተው መነጽራቸውን ጠረጉ። ማናለብሽ እጇን ያወጣችው ያኔ ነው፤ ሁለተኛው ፓነል ይሞከር አለች።

"ዓርብ ከምሳ በፊት ሁለቱንም አረንጓዴ አድርገሽ አሳዪኝ፤ እፈርማለሁ" አሏት አቶ ስማቸው። "ከምሳ በኋላ ወደ ባሕር ዳር እነሣለሁ። ያን ጊዜ ውሳኔውን ይዤ ነው የምሄደው።"

ዛሬ ዓርብ ነው።

እጇን ያወጣችው ለውለታ ብቻ ነው ማለት አይቻልም። እርግጥ ነው፣ ከዩኒቨርሲቲ ወጥታ ስትቀጠር ማንም ሥራ ሊያሳያት ባልፈለገበት ሰሞን ጋሽ እንየው ወንበር ስበው አጠገባቸው አስቀምጠዋታል፤ ሰርቨር ማለት ከመጽሐፍ ወጥቶ ምን እንደሚመስል ያሳዩዋት እሳቸው ናቸው። ግን ሌላም ነገር አለ። የጥሊሊ ገበሬ ልጅ ናት፤ ዘር ያለፈው ክረምት ምን እንደሚመስል ታውቃለች። እሷ ተማሪ ሳለች አንድ ዓመት አባቷ ዘር ሊያመጣ እንጅባራ ሄዶ ባዶውን ተመለሰ። በገበያ እንዳይቀየሩ ብላ እሷ ራሷ አፋቸውን በቀይ ክር የጠለፈቻቸው ጆንያዎች እንደታጠፉ መጡ። "ረፍዶብኝ ነው" አለ አባቷ፤ ከዚያ በላይ አልተናገረም። እናቷ ግን አላመነችውም። አረቄ ቤት ተጎልቶ ነው ያረፈደው አለች፤ እስከ ዛሬም ስትናደድ ታነሣበታለች። ያን ክረምት አባቷ የሰው ማሳ ሲቆፍር ከረመ።

ቀዩን ምልክት ሲጫኑት አንድ ዐረፍተ ነገር ይወጣል፤ "የመልእክቱ ጊዜ ተቀባይነት የለውም" የሚል። ማናለብሽ ሳምንቱን ሙሉ አንብባዋለች፤ ባነበበችው ቁጥርም ኔትወርኩ እየዘገየ ነው ብላ አልፋዋለች። ምን ታድርግ፣ እዚህ አገር ያልሠራ ነገር ሁሉ ጥፋቱ የኔትወርክ ነው። ገመዱን ቀየረች። ፓነሉን አጥፍታ እንደገና ጫነች። ቀዩ ግን ቀይ እንደሆነ ነው።

ረፋዱ ላይ ጋሽ እንየው ጃንጥላቸውን እያራገፉ ገቡ።

"እንዴት ሆነልሽ?"

"እየሞከርኩ ነው ጋሼ።"

ስክሪኑን አዩት። "እኔን ብለሽ ራስሽን እንዳትጎጂ" አሏት ቀስ ብለው። "ግምጃ ቤቱም ቢሆን ሥራ ነው። አቶ ስማቸው እየጠሩኝ ነው፣ መጣሁ።" ሲወጡ ትከሻቸው ጎበጥ ብሎ ታያት፤ አንጀቷን በላው። እልህም ያዛት።

ተነሥታ ማሽኖቹ ወዳሉበት ወደ ቀጣዩ ክፍል ገባች። ዊንዶውሱን በርቀት ሳይሆን በራሱ ስክሪን ላይ ልየው ብላ ነው። ሁሉም ደኅና ነው። ፕሮግራሙ ይሠራል፤ ከዳንግላ የሚገቡት የገበሬዎች ስሞች እየተከታተሉ ይወርዳሉ። ዛሬ የምዝገባው መጨረሻ ቀን ነው፤ አስራ አንድ ሰዓት ላይ ፕሮግራሙ ራሱ ይዘጋል። ጥግ ላይ ያለውን ሰዓት አየች፤ አምስት ከሩብ ይላል። የእጇን አየች፤ አምስት ከሩብ። ልክ ነው ብላ ተመለሰች።

በሩ ጋ ስትደርስ ቀጥ ብላ ቆመች።

ሮጣ ወደ ሊኑክሱ ሄደች። አስራ አንድ ከሩብ ይላል።

ለካ ሳምንቱን ሙሉ ስታየው ኖራለች! ሊኑክሱ እንደ ዓለም ኮምፒውተር ሁሉ በፈረንጅ ሰዓት ይሄዳል። ዊንዶውሱ ግን በሐበሻ ሰዓት ነው የሚሄደው፤ አንድ ሰው ሰዓቱን ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ መልሶታል። ሁለቱ በፓነሉ በኩል ሲነጋገሩ እያንዳንዱ መልእክት የተላከበት ሰዓት ይታተምበታል። ሊኑክሱ አስራ አንድ ከሩብ ብሎ ሲልክ፣ ዊንዶውሱ ገና አምስት ከሩብ ነውና ባልደረሰ ሰዓት የተጻፈ መልእክት አልቀበልም ይላል። እውነቱን ነው። ግድግዳው ላይ ያለው፣ በእያንዳንዱ ሰው እጅ ላይ ያለው ሰዓት አምስት ከሩብ ሲል፣ አምስት ከሩብ የሚል ኮምፒውተርን ማን ይጠረጥራል?

ይህን ያደረገው ማን እንደሆነ መጠየቅ አላስፈለጋትም። ያን ማሽን የሚነካ ሌላ ሰው የለም። አቶ ስማቸው ቢሰሙ ምን እንደሚሉም ታውቃለች፤ የኮምፒውተርን ሰዓት መሙላት የማይችል ባለሙያ ብለው በየስብሰባው ያነሡታል። ማንም ሳያውቅ ላስተካክለው አለች። በሩን ገርበብ አድርጋ የዊንዶውሱን ሰዓት ስድስት ሰዓት ወደ ፊት ገፋችው። ስትመለስ ፓነሉ ላይ ሁለቱም ምልክቶች አረንጓዴ ሆነዋል።

አቶ ስማቸው ጋሽ እንየውን አስከትለው መጡ። ወንበሩ ላይ ተቀምጠው እሳቸው ራሳቸው ሞከሩት። በሊኑክሱ ላይ አንድ የሙከራ ዌብሳይት ከፈቱ፤ ተከፈተ። በዊንዶውሱ ላይ ሌላ ከፈቱ፤ ተከፈተ። "ይገርማል" አሉ፤ ፊታቸውም ፈታ አለ። የውሳኔውን ወረቀት ከማኅደራቸው አወጡና ብዕራቸውን መፈለግ ጀመሩ። ጋሽ እንየው ግን ደስ ያለው ሰው አይመስሉም፤ እንዴት ሆነ እንደሚል ሰው ማናለብሽን ያዩዋታል።

የጋሽ እንየው ስልክ ጮኸ። የዳንግላዋ መዝጋቢ ደጊቱ ናት፤ ድምፅዋ ክፍሉን ሞላው።

"ጋሽ እንየው፣ ተዘጋብኝ እኮ! 'ምዝገባ አብቅቷል' ይላል። ደጁ ሰው ሞልቷል፣ ከጠዋት ጀምሮ የተሰለፉ አሉ። ምን ልበላቸው?"

ማናለብሽ ወዲያው ገባት። አስራ አንድ ሰዓት! ፕሮግራሙ የሚዘጋው አስራ አንድ ሰዓት ነው፤ እሷ ደግሞ ሰዓቱን ከአምስት ወደ አስራ አንድ ገፍታዋለች። ማሽኑ ቀኑ የመሸ መስሎት በሩን ዘጋ።

ወደ ጋሽ እንየው ተጠግታ በአገውኛ ተናገረች፤ የደብረ ማርቆሱ አቶ ስማቸው አገውኛ አይሰሙም። ሰዓቱን የለወጥኩት እኔ ነኝ አለች። የመዝጊያውን ሰዓት አሁን መቀየር ይቻላል ወይ?

አይቻልም አሉ ጋሽ እንየው፣ እሳቸውም በአገውኛ። ፕሮግራሙ ሆድ ውስጥ ነው የጻፍኩት፤ ፈትቶ መግጠም ቀን ይፈጃል። ሰዎቹን የሚያስገባቸው ሰዓቱን መመለስ ብቻ ነው።

ሰዓቱ ከተመለሰ ፓነሉ ቀይ ይሆናል። አቶ ስማቸው ብዕሩን አግኝተው ክዳኑን እየፈቱ ነው። ማናለብሽ የጋሽ እንየውን ክንድ ያዘች። አቶ ስማቸው እስኪፈርሙ ጥቂት ይጠብቁ አለቻቸው።

ጋሽ እንየው እጇን ቀስ ብለው አነሡላት። "ደጊቱ፣ ሰዎቹ እንዳይሄዱ። አሁን ይከፈታል" አሉና ወደ ማሽኖቹ ክፍል ገቡ። ለመሄድ የተነሡ ሰዎች እንዳሉ ከስልኩ ሰምተው ነበር።

የአቶ ስማቸው ብዕር ወረቀቱ ላይ ሊያርፍ ሲል ስክሪኑ ላይ ቀዩ በራ።

"ይኼ ምንድነው?" አሉ። ፈታ ብሎ የነበረው ፊት ተቋጠረ። "ማናለብሽ! እያታለልሽኝ ነው?"

እኔ ነኝ ልትል ስትል ጋሽ እንየው በሩ ላይ ቆመው ተናገሩ። "እሷ ምንም አላጠፋችም። ሰዓቱን ያዛባሁት እኔ ነኝ።" ከዚያም አንዱንም ሳይደብቁ አስረዱ። ሰዓቱ በሐበሻ እንደሚሄድ፣ ፓነሉ በዚያ ምክንያት ዊንዶውሱን እንዳጣው፣ ሲስተካከል ዳንግላ ላይ ምዝገባው እንደተዘጋ ነገሩ።

"እንዴት?" አቶ ስማቸው ጮኹ። "ይኼን ሁሉ ዓመት በተሳሳተ ሰዓት ነው የምንሠራው?"

"የእጅዎ ሰዓት ስንት ይላል?" አሉ ጋሽ እንየው።

አቶ ስማቸው እጃቸውን አዩ። ለስድስት ሩብ ጉዳይ ይላል። ማሽኑም የሚለው ይህንኑ ነው።

"የመጀመሪያው ዓመት በፈረንጅ ሰዓት ነበር" ብለው ቀጠሉ ጋሽ እንየው። "የቀጠሮውን ወረቀት ማሽኑ ነው የሚያትመው። ለጠዋት ሦስት ሰዓት የተቀጠረ ሰው ወረቀቱ ላይ ዘጠኝ ሰዓት ተብሎ ይወጣል። እኛ ለገበሬው እንነግረዋለን ብለን ነበር፤ ያልተነገረውም አለ። አንድ የጥሊሊ ሰው ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ላይ ከተፍ አለ። ዘሩ ታድሎ መኪናው ሄዷል። 'ረፍዶብሃል' አልኩት። ወረቀቱን አየ፣ እኔን አየ፣ ከዚያ ይቅርታ ጠየቀኝ። አቶ ስማቸው፣ እኔን ነው ይቅርታ የጠየቀኝ! አፋቸው በቀይ ክር የተጠለፈ ጆንያዎች ይዞ ነበር፤ አጣጥፎ ብብቱ ሥር ሸጉጦ ሄደ። ጠረጴዛዬ ላይ ትቶት የሄደውን ወረቀት ያየሁት ከሄደ በኋላ ነው። ተከትዬው መናኸሪያ ድረስ ሮጥኩ፣ ግን አላገኘሁትም። የዚያኑ ዕለት ሰዓቱን መለስኩት፤ ልክ እንዳልሆነም አውቅ ነበር።"

ማናለብሽ ጠረጴዛውን ተደገፈች።

"አባቴ ነው" አለች።

ጋሽ እንየው መነጽራቸውን አወለቁ፤ ግን እንደ ወትሮው አልጠረጉትም። ከስልኩ ውስጥ ደጊቱ፣ "ተከፍቷል፣ ተከፍቷል፣ ቀጣይ!" እያለች ስትጣራ ይሰማል።

አቶ ስማቸው ወረቀቱን ገልብጠው ብዕሩን ከላዩ አስቀመጡ። ስልካቸውን አውጥተው ሾፌራቸውን ጠሩ። "መኪናው ይቆይ" አሉት። "አስራ አንድ ሰዓት ላይ ነው የምንሄደው። በሐበሻ።"

ያ ከሰዓት እንደ ጾም ቀን ረዘመ። አቶ ስማቸው እየመጡ ቀዩን አይተው ይሄዳሉ። ማናለብሽ ምሳ አልበላችም፤ ሰዓቱ ሲለወጥ ሌላ የማታውቀው ነገር ይበላሽ ይሆን እያለች ስትሠጋ ዋለች። አስራ አንድ ሲሆን ደጊቱ ደውላ ደጁ ላይ አንድም ሰው አልቀረም አለች። ጋሽ እንየው ወንበሩን ለማናለብሽ ለቀቁላት፤ ሰዓቱን እሷ ገፋችው። ሦስቱም ወደ ስክሪኑ አጎነበሱ። ቀዩ ትንሽ ቆየ። ከዚያ አረንጓዴ ሆነ።

አቶ ስማቸው ፈረሙ። "ሰኞ ማሽኑ የዓለሙን ሰዓት ይዞ ወረቀቱ የኛን እንዲያትም አድርጉት" አሉ፤ "ሁለታችሁም" ብለው ጨመሩና ወደ መኪናቸው ወጡ።

ማናለብሽ ውጭ በረንዳው ላይ ቆማ ጥሊሊ ደወለች። አባቷ ነው ያነሣው።

"አባዬ፣ ያን ዓመት አላረፈድክም ነበር። ወረቀቱ ነው የተሳሳተው። ዛሬ ነው የሰማሁት፣ የተሳሳቱት ሰውዬ ራሳቸው ነገሩኝ።"

መስመሩ የተቋረጠ መስሏት ስልኩን አየችው።

"ቆይ" አለ በመጨረሻ፣ ድምፁ ተለውጦ። "ለእኔ ምን ያደርግልኛል። እናትሽ እዚህ ናት፤ ለሷ ንገሪያት።"