የቲኬት ቆራጩ ካፖርት

"እማዬ፣ ምን ነካሽ? አትንኩ ይላል እኮ!"

እናትየው አልሰማችም። እጇን በቲኬት መስኮቱ አሳልፋ ቲኬት ቆራጭ መስሎ የቆመውን አሻንጉሊት ክርን ጨብጣለች። የባቡር ጣቢያው ሙዚየም ከሆነ ወዲህ ረግጣው አታውቅም፤ ዛሬ ግን ልጇ "አባዬ የሠራበትን ክፍል አሳዪኝ" ብላ ጎትታ አመጣቻት። ክፍሉ ያው ነው፤ ያው ባንኮኒ፣ ያው የግድግዳ ሰዓት። ቲኬት ቆራጩ ብቻ ፕላስቲክ ሆኗል። የለበሰው ካፖርት ክርኑ ላይ በቀይ ክር ተጥፏል።

ባሏ ለመጨረሻ ጊዜ ከቤት በወጣ ቀን ጥቁር ክር ቢጠፋባት በቀይ ሰፋችው። እሱም "አውራ ዶሮ አስመሰልሽኝ!" ብሎ ስቆ፣ ያንኑ ለብሶ ወጣ። የተሳፈረበት ባቡር ተገለበጠ፤ የተረፈ የለም ተባለ። አስከሬን እንኳ አልመጣላትም። ጥቁር ስትለብስ ልጅቷ ገና ሆዷ ውስጥ ነበረች።

አስጎብኚው ቁልፉን እያንቃጨለ ደረሰ።

"ኧረ እትዬ፣ ይልቀቁት! ምን አደረገዎት?"

"ይሄን... ይሄን ማን አመጣው?"

"ባለቤቱ ነዋ! እዚሁ ቲኬት ቆራጭ ነበርኩ ብሎ ዘንድሮ ራሱ ይዞት መጣ። ትንሽ ያነክሳል እንጂ ጨዋታ አዋቂ ሰው ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣ አቧራውን ያራግፍለታል። እኛን አያስነካንም።"

  ቅዳሜ ቅዳሜ! ቤቷ ከዚህ አስፋልቱን ተሻግሮ ነው። በሩን እንኳ አልቀየረችም።

"ስለ ቤተሰቡ... አያወራም?"

"ማንም የለኝም ነው የሚለው፤ ምስኪን።"

"እማዬ፣ ፊትሽ ምነው? አመመሽ እንዴ?" ልጅቷ ክንዷን ያዘቻት።

እናትየው እጅጌውን በመስኮቱ ወደ ውጭ ሳበችና ጎንበስ ብላ የክሩን ቋጠሮ በጥርሷ በጠሰችው። ከዚያ ተረተረችው። ክሩ ሳያንገራግር ወጣ፤ ክርኑ አፉን ከፈተ።

"ኧረ በሕግ! ሰውዬው ሲመጣ ምን ልበለው?"

"ምንም አይበሉት። ሲያራግፈው ያየዋል።"

"እማዬ፣ ካፖርቱ የማነው?"

ክሩን ጣቷ ላይ እየጠቀለለች ወደ በሩ መራመድ ጀመረች።

"ነይ ልጄ። ቤት እስክንደርስ አላቆየውም፤ መንገድ ላይ እነግርሻለሁ።"