በጩኸት የተጠየቀ ሻሽ

ባሌ አሚን ደግ ነው፤ ችክነቱ ግን ወላሂ ለጉድ ነው። ቦንጋ ገበያ ጥግ ያለውን ሱቃችንን ጭቃ እንዳይገባው ብሎ ከፍ አድርጎ ሠራው። በድንጋይ ደረጃው ደግሞ እንዴት እንደሚኮራ! መውጣት ለሚያቅተው ሰው በጎን በኩል አፈር ደልድል ስለው፣ የፈለገ ከታች ይጥራኝ፣ አወርድለታለሁ ይለኛል። ቸርነቱ ነው እንግዲህ።

ኃይለመስቀል ከኦጋዴን ግንባር አንድ እግሩን አጥቶ በክራንች ሲመለስ፣ በዝናብ የሚያሙለጨልጨው ደረጃ አልቀመስ አለው። ሳሙናውንም ባትሪውንም ከመንገድ እየጮኸ ይገዛ ጀመር። ከመንገድ የሚገዛ ሰው ደግሞ ምስጢር የለውም።

አንድ የገበያ ቀን መጣና ድምፁን ዝቅ አድርጎ የሐር ሻሽ ጠየቀ። ገብቶኛል። የጣሰውን ልጅ ተሾመችን ወዷታል፤ እሁድ ሽማግሌ ሊልክ ነው። ይህን ያልሰማ ጣሰው ብቻ ነው። ኩሩ ሰው ስለሆነ፣ ሽማግሌ ደጁ ሳይቆም ወሬ ከቀደመ ልጄን አልሰጥም ማለቱ አይቀርም። ልወርድለት ስነሳ የኔው ጉድ ቀደመኝ። በረንዳው ላይ ቆሞ ሻሾቹን እያውለበለበ፣

"ለማን ነው? ቀይ ናት ጠይም?" ብሎ ጮኸ።

ገበያተኛው ሁሉ ወደ ሱቃችን ዞረ፤ አንዱም "ለተሾመች ነዋ!" ብሎ ሳቀ። ጣሰው ውስጥ ሚስማር እያስመዘነ ነበራ። ኃይለመስቀል አንገቱን ደፋ። ይቅር ብሎ ሊሄድ ሲል ጣሰው ፊቱ ጠቁሮ በረንዳው ላይ ወጣ። ጭቃው ውስጥ የቆመውን ልጅ ብዙ አየው። አለቀለት አልኩ።

"አሚን፣" አለ፣ "ሽማግሌዎቹ ይምጡ። አማቼን ጭቃ ላይ አቁመህ ከምታስጮህበት ሱቅ ግን የልጄን ሠርግ ዕቃ አልገዛም።"

አሚን ያን ቀን ምሳ አልበላም። በማግስቱ አካፋ ተበድሮ አፈር ሲደለድል ዋለ፤ ሐሳቡ የራሱ እንደሆነም ለአላፊ አግዳሚው ሲያወራ ሰማሁት። 

ኃይለመስቀል በተደለደለው አፈር ላይ ፈራ ተባ እያለ ወጣ። ሻሹን ሁሉ አስዘረጋ። ይዳብሳል፣ ወደ ብርሃን ያወጣል፣ ዋጋ ያስቀንሳል፣ ደግሞ ሌላ ያስወርዳል። በመጨረሻ፣

"ልቤ አልሞላም ጋሽ አሚን፣ ነገ መጥቼ ልይ" ብሎ ባዶ እጁን ወረደ።

አሚን በገነ። እኔ ግን ዕንባዬ መጣ። ያ ሁሉ ጊዜ ያቀበልነውን ብቻ ተቀብሎ ሲሄድ ኖሮ፣ እንደ ሰው አማርጦ ትቶን ሲሄድ የመጀመሪያው ነበር።